አዋሽን ይቅርታ ጠየቅኩት

ወንዙና ዓሣው እንዲያገግሙ እኛ የመንግሥት ባለሙያዎች ከግድቡ ውሃ ልንለቅ አስበናል። ዳር ያሉት ሽንኩርት አምራቾች ግን የውሃ ሞተራቸውን ካላነሱ ጎርፉ ይወስድባቸዋል፤ እነሱም እምቢ ብለዋል። ስብሰባቸው ላይ በዲግሪዬና በጥቂት የኦሮምኛ ቃላቴ ተማምኜ ተነሳሁ። «እንለቃለን» ለማለት አስቤ «ዲፋማ» አልኩ፤ ይቅርታ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ያልሳቁት ሽማግሌው ኦቦ ገመቹ ብቻ ናቸው። በአማርኛ «ልጄ፣ ይቅርታው ለማን ነው?» አሉኝ። ስህተቴን ለማረም አፈርኩና «ለወንዙ» አልኩ።

«ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ይቅርታ የጠየቀው የመጀመሪያው የመንግሥት ሰው አንተ ነህ» ብለው ሞተራቸውን ሊያነሱ ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ውሃው በተለቀቀ ቀን ዳር ቆመን ስናይ፣ ከልቤ «ገለቶማ» ብዬ አመሰገንኳቸው።

«ይቺን ቃል እንኳ አልሳትካትም» አሉኝ።