ሸክላው ላይ ያለው ፎቶ

እኔ የምቀናው በማን መሰላችሁ? በዘጠና ዓመት ሽማግሌ። እዚህ ውጭ አገር ሆም ኬር ነው የምሠራው፣ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መርዳት፤ ሪችፊልድ ከተማ ያሉት ሰውዬ ድሮ ፖልካ የሚሉት የፈረንጅ ጭፈራ ባንድ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ ያስቀረጻቸው ሸክላዎች በሙሉ ሳሎናቸው ተደርድረዋል፤ ሽፋናቸው ላይ ሁሉ የሳቸው ፎቶ አለ። አቧራውን በጠረግኩ ቁጥር እርር ድብን እላለሁ። እኔም እኮ አዲስ አበባ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበርኩ። አንድ ስመ ጥር ተጫዋች ታሞ፣ በሱ ቦታ ገብቼ ሙሉ ካሴት ተጫውቻለሁ። ካሴቱ ሲወጣ ስሙም ፎቶውም የሱ ሆነ። እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ ያ ዘፈን ሲከፈት "ጣቱ ይባረክ" ይሉለታል። እኔ ነኝ ብል ማን ያምነኛል? አንገቴን ደፍቼ ጥብሴን እበላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው ሸክላ ክፈት ሲሉኝ እጄ የገባውን ከፈትኩ። "እንዴት አድርገው ነው የተጫወቱት" አልኳቸው፣ ከልቤ አድንቄ። ፊታቸው ጠቆረ።

"እሱ እኔ አይደለሁም" አሉ። "ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ሌላ ሰው ተካኝ። ከሸክላዎቻችን ሁሉ ሰው የወደደው ደግሞ ይሄንኑ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሱ ጣት ተመሰገንኩ። እንደዚያ ሰውዬ የጠላሁት የለም።"

ላዝንላቸው ይገባ ነበር። እኔ ግን የታየኝ አዲስ አበባ ያለው የኔ ሰውዬ ነው፤ ሰርግ ላይ ተቀምጦ፣ ዘፈኑ ሲከፈት ጥብሱ አልዋጥ ብሎት።

"ይደገም?" አልኳቸው። መልሳቸውን ሳልጠብቅ መርፌውን ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ መለስኩት።