ያልደረቀ ታንኳ

በአንድ የጥቅምት ማለዳ፣ ዲያቆን መርስዔ ኀዘን ከዱርቤቴ መጥቶ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሲደርስ፣ ደንገል የሚያጭዱ ሽማግሌ አገኘ።

«እንደምን አደሩ፣ አባቴ! ወደ ደልጊ መሻገር ፈልጌ ነበር። የየብሱን መንገድ ጣልያን ዘግቶታል። አብዱልወሃብ የሚባሉ ታንኳ ሠሪ አሉ ብለውኛል።»

«ነበሩ፤ ሞተዋል» አሉ አብዱልወሃብ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«ነፍስ ይማር! እንግዲያ የእኅታቸውን የእመት ሸሪፋን መልእክት ለማን ልንገር?»

ሞቻለሁ ያሉት ሰውዬ ጆሯቸው ቆመ። ማጭዳቸውን ጣል አድርገው፣ «ሸሪፋ ምን አለች?» አሉ። እናታቸው በሕፃንነታቸው ስትሞት፣ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓቸው እኅታቸው ሸሪፋ ናቸው።

«'ዓይኔ እየፈዘዘ ነው፤ መልክህን ሳላይ እንዳይጨልምብኝ ድረስልኝ' ብለዋል። ዱርቤቴ ገበያ አንድ የደልጊ ነጋዴ ነው የነገረኝ፤ መልእክቱን ከተቀበለ ወራት አልፈውታል አለ።»

አብዱልወሃብ ማጭዳቸውን መልሰው አነሡ። ልጃቸው አደም ሰምጦ ከቀረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ደንገል ለምንጣፍ ይሸጣሉ እንጂ ታንኳ አልሠሩም፤ ውኃውን ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ አያስነኩም።

«አልሄድም። ባሕሩ ልጄን በልቶብኛል።»

«አይቆጡኝና፣ ያን ቀን ማዕበል ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሁሉም «አላህ ያጽናዎት» ብሎ ያልፍ ነበር።

«ታንኳው ያልደረቀ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ከባሕር ሲወጣ ተገትሮ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል። አዲሱን ለገበያ ብዬ አስቀርቼ፣ ለዛሬ በአሮጌው ሂድ አልሁት። 'አባዬ፣ ከብዷል' አለኝ። ሰነፍ ብዬ ሰደብሁት።»

ሽማግሌው ለማንም ያልነገሩትን ለማያውቁት ዲያቆን በመናገራቸው ራሳቸው ደነገጡ።

«አላጠፉም ብልዎ አያምኑኝም» አለ መርስዔ ኀዘን ቀስ ብሎ። «ነገር ግን ጥፋቱን በባሕሩ አላክከው እርስዎ ዳር ቆሙ። ያን የሚያህል ነገር አውቀው ዝም በማለትዎ፣ ዛሬም ያልደረቀ ታንኳ የሚገፋ የሰው ልጅ ይኖራል።»

«አንተ ምን ጠፍቶብህ ታውቃለህና ነው?»

«ስድስት ዓመት የጻፍሁት ድጓ፣ ጣልያን ቤታችንን ሲያቃጥል አብሮ ነደደ። አራት ወር ብዕር አልነካሁም። በአራተኛው ወር በቃሌ የያዝሁት ዜማ ራሱ ይጠፋኝ ጀመር። ያን ጊዜ እንደገና ይነድብኛል ብዬ እየፈራሁ መጻፍ ጀመርሁ፤ አሁንም ፍርሃቱ አልተወኝም። ፍርሃቱ እስኪለቀኝ ብጠብቅ አንድ መስመር አልጽፍም ነበር። ደልጊ የምሄደውም የረሳሁትን ከመምህሬ ልሞላ ነው።»

አብዱልወሃብ ያጨዱትን ደንገል አዩት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ እቅፉን አንሥተው ፀሐይ ላይ ይዘረጉት ጀመር።

ሲደርቅ ደንገሉን አስረው ታንኳ ሠሩ፤ ከመድረቂያው ጊዜ አንዲት ቀን አላሳጠሩም። የተነሡ ዕለት ዲያቆኑ እጃቸውን ይዞ ታንኳው ውስጥ አስገባቸው። እስከ ደልጊ ድረስ እየፈሩ ቀዘፉ።

እመት ሸሪፋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከወንድማቸው ትከሻ በላይ አለፈ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

የወንድማቸውን እጅ ስበው አሸተቱት። «ደንገል! ሥራህን አልተውህማ፤ አልሐምዱሊላህ! ካለፈው ጾም ወዲህ ጨለመብኝ እንጂ። እስቲ ንገረኝ፣ ሸብተሃል?»

አብዱልወሃብ ሸብቻለሁ ማለት አቅቷቸው አለቀሱ።

ባሕር ዳር ከተመለሱ በኋላ፣ ማንም ሰው እሳቸው ሳያዩለት ታንኳ የማይገፋ ሆነ። የከበደውን ያስገትራሉ፤ ያረጀውን ለማገዶ ያስፈርሳሉ። ጎረምሶችን ያስተምራሉ፤ ስለ ልጃቸውም ስድባቸውን ሳይደብቁ ይናገራሉ። በዚህም የብዙ እናት ልጅ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ። ሰው ስሕተቱን አውቆ ሲነሣ፣ ያ ያዋረደው ነገር ራሱ ለሌላው መዳኛ ይሆናል።

«አሁንስ ባሕሩን አይፈሩም?» ብሎ የሚጠይቃቸው አይጠፋም።

«እፈራለሁ» ይላሉ። «ግን ዳር ቆሜ የፈራሁት ሦስት ዓመት አደምን አልመለሰልኝም። እኅቴም መልኬን ሳታይ ቀረች።»