የአቦይ ገብረተንሳኤ ጃኩዚ

ወላሂ፣ ይህ ታሪክ የፀጉር ያህል ጭማሪ የለበትም። እኔ ሸረፈዲን ከወሎ መጥቼ መቐለ ላይ ጨርቅ ስነግድ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ስዋሽ የሰማኝ ካለ ሱቄን ይውረስ።

ባለፈው ጥቅምት ሮማናት አደባባይ ስደርስ ታክሲው ሁሉ ቆሟል። መንገዱን የዘጋው አንድ የፈረስ ጋሪ ነው። ጋሪው ላይ ቤት የሚያህል ጃኩዚ፣ ያ ሙቅ ውሃ እየተንፈቀፈቀ ሰው የሚዘፈዘፍበት ገንዳ፣ ተገልብጦ ተጭኗል። ከጎኑ ጎረቤቴ አቦይ ገብረተንሳኤ ይራመዳሉ።

«ከመይ ሓዲርኩም አቦይ? ወዴት ነው?»

«ለቁራሌው ልሸጠው ነው፣ ወደይ፣ የኔ ልጅ። ልጄ ከሆቴል ጨረታ ገዝቶ አመጣብኝ። ሰው እንደ ሽምብራ ይዘፈዘፋል እንዴ?»

«የአደይ ኣስካል ጉልበትስ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ፈረሱ አዞሩ። ባለቤታቸው አደይ ኣስካል ያለ ደጋፊ ከወንበር አይነሱም፤ ሐኪሙም ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዲቀመጡ መክሯቸዋል።

«አቦይ፣ ልጅ ሳለሁ እናቴ አዝላ ሐርቡ ፍል ውሃ ትወስደኝ ነበር። አሮጊቶቹ ተደግፈው ይገቡና እየተሳሳቁ ይወጣሉ። እናቴ ያኔ ፀጉሯ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር፤ የእንፋሎቱ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።»

«ያ ከመሬት የሚፈልቅ፣ የሚፈስ ውሃ ነው። የኔው በሳምንቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ቧንቧውንም ኖራ ዘጋው። ማሞቂያው ደግሞ መብራት ጨርሶ ለብ እንኳ አይል።»

«ክዳኑስ?»

«ክዳኑንማ ኣስካል በርበሬ አሰጣችበት።»

«ጥፋቱ እሱ ነው! የመቐለ ነፋስ ሙቀቱን ወስዶ አቧራውን ይሰጥዎታል። ይክደኑት። ክሎሪኑን በየሁለት ቀኑ ይለኩ፣ ማጣሪያውን በሳምንት አንዴ ይጠቡ፣ የኖራውን ቅርፊት በኮምጣጤ ያስለቅቁ። ሰመራ ቢሆኑ ኖሮ ጥላ ሠርተው፣ ሙቀቱን ቀንሰው፣ የተነነውን ይሞሉ ነበር፤ ቆላ ውሃ ቶሎ ይበላሻል። ውርጭ አገር ደግሞ ማሞቂያው ከጠፋ ውሃውን ከቱቦው ጠርጎ ማውጣት ነው፤ አለዚያ በረዶ ይሰነጥቀዋል። እኔ ጅዳ አራት መቶ ጃኩዚ በአንድ እጄ ስንከባከብ፣ ሞስኮ ደግሞ...»

«ሞስኮም ነበርክ?»

«ለጥቂት ጊዜ።»

«ኣየ! ጎረቤቱ ጀሪካን ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ እኔ ልዘፈዘፍ? አላፍርም?»

«ገላን ታጥበው ከገቡበት ውሃው ሦስት ወር ይቆያል። ሲቀየርም ክሎሪኑ እስኪለቅ አቆይተው ለዛፍ ያጠጡታል። የሚያሳፍረውስ የአደይ ኣስካልን መድኃኒት ለቁራሌ መሸጥ ነው።»

አቦይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሓቅኻ፣ እውነትህን ነው» አሉና ባለ ጋሪውን «መልስ!» ብለው ጮኹ። ሦስት ሺህ ሰው አጨበጨበልኝ። በወሩ አደይ ኣስካል ከሮማናት ዓይደር ሰፈር ድረስ በእግራቸው ደረሱ፤ ባጃጅ ቀድመው።

እነሆ፣ አዲስ ነገር የሚያስመርረው አያያዙን እስክናውቅ ነው። ተከድኖ፣ ተጠርጎ፣ ተለክቶ የተያዘ ገንዳ መብራት ይቆጥባል፣ ውሃ ይቆጥባል፣ አካልን ያፍታታል።

ይህን ጽፌ ለባለቤቴ ለሙስሊማ አነበብኩላት። ልብስ እያጠፈች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሸረፈዲን» አለች ቀስ ብላ፣ «ጃኩዚውን በጋሪ ጭነህ ልትሸጥ የወጣኸው አንተ ነህ። መንገድ ላይ መክረው የመለሱህ አቦይ ናቸው፤ ሆቴል ጃኩዚ ሲንከባከቡ የኖሩትም እሳቸው። ጅዳን አላየኸውም። የታመመው ጉልበትም የእናትህ ነው። በል ተነስ፣ ለእናትህ ፎጣ አቀብላቸው፤ ከገንዳው ልውጣ እያሉ እየጠሩህ ነው።»