የጋሽ ሰይድ ፍሪጅ

ቦሌ ያለ አንድ የርዳታ ድርጅት ያገለገሉ ዕቃዎቹን በጨረታ ይሸጣል ሲባል፣ ወሎ ሰፈር ጎረቤቴ ከሆኑት ባለሱቅ ከጋሽ ሰይድ ጋር ሄድን። ሁለታችንም አንዷን ፍሪጅ ወደድናት፤ እኔ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ኖሮ፣ «እስቲ አንተ ጻፍልኝ፤ ስድስት መቶ ብር በል። ለሱቄ ለስላሳ ላቀዝቅዝባት» አሉኝ። ጻፍኩላቸው፤ ኤንቨሎፑንም አሸግኩላቸው። የጨረታ ደጉ ነገር አንዱ የሌላውን ዋጋ አለማየቱ ነው። እኔ ግን አይቻለሁ። ዞር አልኩና በራሴ ወረቀት ላይ ስድስት መቶ አስር ብዬ የጨረታው ሣጥን ውስጥ ከተትኩ።

ኤንቨሎፖቹ ሲከፈቱ የኔ ስም ተጠራ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ሰይድ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ከሰፈር አልወጣችም!» አሉና ኮታቸውን አውልቀው ፍሪጇን ባንድ ወገን ተሸከሙልኝ።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ሰይድ ናቸው፣ አንድ ሣጥን ለስላሳ ታቅፈው። «ሌላ እስካገኝ እዚህ ትቀዝቅዝልኝ፤ አንተ መቼም አታሳፍረኝም» አሉኝ።

ፍሪጇን ከፈትኩላቸው። ውስጧ የኔ የምለው አንድ ጠርሙስ ውኃ ብቻ ነበር።