ዌስተን የተሠራ የኮሪያ ዘፈን

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ኤግሊንተን ዌስት በሚባለው ጎዳና ላይ በአውቶቡስ ስሄድ ከፊቴ ሁለት ሐበሾች ተቀምጠዋል። ወጣቷ ስልኳ ላይ ዘፈን ከፍታለች። አጠገቧ ያሉት አሮጊት ጠጋ አሏት።

«ልጄ፣ ይሄ የየት አገር ዘፈን ነው?»

«የኮሪያ ነው፣ እማማ። ረበሽኩዎት እንዴ?»

«ኧረ የለም። ዜማው ግን የኛ አገር መሰለኝ።»

«ዜማውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ኮሪያ ሄደሽ?»

«እዚሁ ዌስተን ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ። አንድ የኮሪያ ሙዚቃ ካምፓኒ አለ፣ ከየአገሩ ዜማ ይገዛል። ከዚያ ግጥሙን በኮሪያኛ ያስጽፋል።»

«ዘፋኞቹንስ ከየት ያመጣል?»

«እነሱንም ራሱ ነው የሚያወጣቸው። በየአገሩ ወጣቶችን በኦዲሽን እየፈተነ ይመርጥና ለዓመታት ያሠለጥናቸዋል። ይሄን ከሚዘፍኑት አንዷ ከታይላንድ ናት፣ አንዷ ከጃፓን።»

«ኮሪያ ልጅ ጠፍቶ ነው?»

«አይደለም፣ እማማ። ታይላንድ ያለው ሰው የአገሩን ልጅ ሲያይ 'የኛ ናት' ብሎ ዘፈኑን ይገዛል።»

«ብልሆች ናቸው እባክሽ! እናትሽማ እንዴት ደስ ብሏት ይሆን!»

«ገና አልነገርኳትም። ጴንጤ ናት፣ ዘፈን የሚባል ነገር አትወድም። አሁን ልነግራት እየሄድኩ ነው።»

«ፈራሽ?»

«በጣም። ዜማ የለመድኩት እኮ እሷ ሳህን እያጠበች መዝሙር ስታንጎራጉር ነው።»



«እኔም ጴንጤ ነኝ፣ ልጄ።»

«ውይ፣ ይቅርታ እማማ፤ አጠፋዋለሁ።»

«ተይው፣ አታጥፊው። እስቲ ከመጀመሪያው አሰሚኝ።»

ወጣቷ ስልኳን ወደ አሮጊቷ ጆሮ ስታስጠጋ፣ እኔም ከኋላ ጎንበስ አልኩ።