የሰባት ቁጥር እጅ፣ የአሥር ቁጥር ጓንት

እንዴት አደሩ እትዬ ኖሪን! ይግቡ፣ ይግቡ፣ በሩን እኔ እዘጋዋለሁ። ይሄ የደቡብ ነፋስ ኅዳር ከገባም በኋላ አይለቀንም ማለት ነው? ትናንት የቲማቲም ችግኞቼን ከነድጋፋቸው ዘርሮብኝ አደረ። የርስዎስ ተረፉ? ተመስገን።

ጓንት ፈልገው ነው? እሰይ! ኧረ እንደሱ በዓይን አይመረጥም። ሰው ሁሉ ጓንት ሲገዛ ቀለሙን ነው የሚያየው፤ አበባ የታተመበት ከሆነማ አለቀ። እጅዎን ይስጡኝ… የሚሠሩበትን። ሜትሩን መዳፉ ላይ፣ ከጣቶቹ ሥር እናዞረዋለን። አውራ ጣት አይቆጠርም። ይኸው፣ ሰባት ተኩል ኢንች። እንግዲህ ቁጥርዎ ሰባት ተኩል ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሰፊ ከሆነ የጣቱ ጫፍ ይታጠፍና እሾህ ውስጥ ይሰነቀራል፣ እጅ ሲንሸራተትበት ደግሞ ውሃ ይቋጥራል። ጠባብ ከሆነ ጣት ያደነዝዛል። እስቲ ቡጢ ይጨብጡ… ቆነጠጥዎ? አልቆነጠጠም። አሁን ይቺን የባቄላ ፍሬ ከጠረጴዛው ላይ ያንሷት። አነሷት! ፍሬ ያላነሳ ጓንት አረም አይነቅልም።

ቁጥር ስል አንዲት የማደንቃቸው ሴት ትዝ አሉኝ። ስም አልጠራም፣ ስም መጥራት ነውር ነው። ደግሞ እዚያ የዘር ፓኬት እያገላበጡ የቆሙትን ሴትዮ ማለቴ እንዳይመስልዎ! በጭራሽ! እሳቸው ያንዱን የካሮት ፓኬት ጀርባ ማንበብ ከጀመሩ ይኸው ሃያ ደቂቃቸው ነው፣ ንባብ የሚወዱ ሰው ናቸው። የኔዋ ሌላ ናቸው።

የኔዋ እጃቸው ሰባት ነው። ሜትር አላስፈለገኝም፣ አንዴ ጨብጠውኝ ነው ያወቅሁት። ምን ዓይነት እጅ መሰለዎ! ጥጥ! በየስድስት ሳምንቱ የሚገዙት ግን ቁጥር አሥር፣ የፍየል ቆዳ፣ እስከ ክርን የሚደርስ የጽጌረዳ ጓንት ነው። የወንድ። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን በሦስት ቁጥር ያድጋል እንዴ? እኔ ባነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ አላገኘሁትም፤ ያላነበብኩት ይኖር ይሆናል…

አሮጌውን ይዘው ይመጡና «ጓንታችሁ ቶሎ ይቀደዳል» ብለው ይቆጡኛል። ይቆጡኝ፣ መብታቸው ነው። እኔ ግን ጓንት ሲቀደድ የት እንደተቀደደ ማየት እወዳለሁ። ሁሌም የግራው አውራ ጣት ነው። መቀስ የሚይዘው እጅ ነዋ ቀድሞ የሚያልቀው! እሳቸው ደግሞ ደረሰኝ ሲፈርሙ በቀኝ ናቸው። ትጋት ማለት ይሄ አይደል? በቀኝ እየፈረሙ በግራ መግረዝ፣ ያውም በሌላ ሰው ልክ!

ግቢያቸውንማ ያውቁታል። እትዬ ኖሪን፣ የአበባ ትርዒቱ ጸሐፊ ሆነው ያላዩት ግቢ አለ? አምና ከሆባርት ከተማ የመጣው የትርዒቱ ዳኛ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። «መቼ ነው የሚገርዙት?» አላቸው። «ገና ሰሞን» አሉት። ገና! እኛ ሐምሌ ላይ ጣታችን በረዶ ሆኖ የምንገርዘውን፣ አበባው በቅርንጫፉ ላይ ፈንድቶ ባለበት ገና! ዳኛው ቀልድ መሰለውና ሳቀ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው ብሎ ሄደ።

ለመሆኑ እዚህ ከተማ በግራ እጁ የሚገርዝ ማን አለ? ከጋሽ ሌስሊ ፔንግሊ ሌላ እኔ አላውቅም። ያው ታውቁታላችሁ… ማለቴ ያውቁታል፤ የባቡር ጡረተኛው፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሰው ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው። የማን ጓሮ እንደሆነ አልናገርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እኛ ሰፈር ደግሞ ሃምሳ ጽጌረዳ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሌላ ሰው ጌጡ ሆኗል። እሾህንስ ድሮ በእሾህ ነበር የሚያወጡት፤ አሁን በሰው እጅ ማውጣት መጣ። ዘመን ሲሻሻል ደስ ይላል…

እና ያቺ የመዳብ መልክ ያላት ጽጌረዳ! ቅዳሜ ለትርዒቱ የምትቀርበው። ጋሽ ሌስሊ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዱን ከአንዱ እያዳቀለ፣ ስንቱን ነቅሎ እየጣለ ያገኛት። እትዬ ኖሪን፣ የውድድር ካርዷ ላይ «አብቃይ» የሚለው ቦታ ገና ባዶ ነው አሉ። አንዴ ከተጻፈ መዝገብ ውስጥ የሚገባው ያ ስም ነው፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይፍቀዋል? አንዲት ሴት «በኔ ስም ይሁን» ብለው በስልክ አስነግረዋል ሲሉ ሰማሁ። ወሬ ይሆናል፣ ወሬ አልወድም።

ጋሽ ሌስሊን «ለምን አትናገርም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ተይ ልጄ» አለኝ፣ «ክፍሉ የሳቸው ነው። በዚህ ዕድሜዬ አልጋዬን ተሸክሜ የት እገባለሁ?» አሁን ይሄ ሽማግሌ ምን ነካው? እንዲህ ያሉ ደግ ሴት ለአንዲት አበባ ሲሉ ሰው ከቤት ያስወጣሉ? ምቀኛ ነው እንዲህ የሚያስብ! ለማንኛውም ግን… አባቴ የሱቃችንን የጀርባ ክፍል ትናንት ቀለም ቀብቶ ጨረሰው። ፀሐይ ይገባዋል። ለጋሽ ሌስሊም ነግረነዋል። ድምፄ በዛ እንዴ? ይቅርታ፣ ነፋሱ ነው የሚያስጮኸኝ።

የትርዒቱን ደንብ ትናንት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ «ተወዳዳሪው አበባውን በገዛ እጁ ያበቀለ ይሁን» ይላል። በገዛ እጁ! አሁን የኔዋን ሴት ማን ይከሳቸዋል? ደንብ አክባሪ ናቸውኮ! ጓንቱን የገዛ እጅ የሳቸው አይደል? በስድስት ሳምንት አንዴ በገዛ እጃቸው ይገዛሉ። ደንቡን የጻፈው ሰው ነው ቃል አማርጦ መጻፍ የነበረበት…

ወይ ጉድ፣ ካርዶቹን ይዘዋቸው ኖሯል! እስክሪብቶ? ይኸው። ጓንቱን ያውልቁት እንጂ፣ ለፍሬ እንጂ ለጽሑፍ አይመችም። ሌስሊ… አዎ፣ እንደሱ። ፔንግሊ። ቦታው ይበቃል፣ ይበቃል፣ ትንሽ ጠበብ አድርገው ይጻፉት። አይ እትዬ ኖሪን! እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ ነው ካርድ ላይ የሚያምረው። ቀለሙ እስኪደርቅ እንዳይነኩት።

እንዴ! ያቺ… እኚያ ሴትዮ ካሮቱን መልሰው ወጡ። ሳይገዙ? ያን ሁሉ አንብበው? ምነው፣ የዘሩን ጀርባ ሲያነቡ የማይስማማቸው ነገር አገኙ እንዴ? በሩ ነው እንዲህ የጮኸው? ነፋሱ ነዋ።

እትዬ ኖሪን፣ የርስዎን ሰባት ተኩል በወረቀት ልጠቅልልዎ። ሲረጥብ ግን ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። እና መንገድ ላይ የኔዋን ሴት ካገኟቸው፣ ስማቸውን ባልጠራም ያውቋቸዋልና፣ ሰላም ይበሉልኝ። ከልቤ መርቄያቸዋለሁ ይበሉልኝ። ጥጥ የመሰለው እጃቸው እንዳማረበት ይኑር። እሾህ አይውጋቸው፣ ጭቃ አያግኛቸው። እስከ ዛሬ እንዳልነካቸው ሁሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን አፈር አይንካቸው!