እትዬ ስስ እና የቤተሰባችን ደም

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እትዬ ስስ» ይባሉ የነበሩት አክስቴ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የዛሬ ስድሳ ሦስት ዓመት ተወለዱ። ይህን የሕይወት ታሪካቸውን የማነበው እኔ ያሳደጉኝ የእኅታቸው ልጅ ነኝ።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው በሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀጠሩና፣ በሰም ውስጥ የደረቀ የሕመምተኛ የሥጋ ናሙና በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ከወረቀት ይልቅ ስስ አድርገው እየቆረጡ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት ብቻቸውን ሲሠሩ ኖሩ። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚሁ ሙያቸው ሲሆን፣ እርሳቸው ግን «ከምግቤ ማነስ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ታጭተው የነበረ ቢሆንም፣ እናቴ በአርባ አንድ ዓመቷ በእንቁልጢ፣ ማለትም በሴት እንቁላል ማፍሪያ፣ ካንሰር ስታርፍ፣ እኔን ለማሳደግ ሲሉ ትዳሩን ተዉት።

ከዓመታት በኋላ ዘረ መል የሚያነብ መሣሪያ ሲመጣ፣ ኃላፊያቸውን አስፈቅደው አሥራ ስድስት ዓመት በመጋዘን የቆየውን የእናቴን ናሙና አወጡ፤ ሌላ ሰው እንዲቆርጠው ቢለመኑም «እኅቴን ለሰው እጅ አልሰጥም» ብለው ራሳቸው ቆረጡት። የተጎዳ ሕዋስን የሚጠግነው ዘረ መል ተበላሽቶ ተገኘ፤ በራሳቸው ደምም ያው ሆነ። ይህን ካንሰር የሚያመጣው ብልሽት በዘር የሚተላለፍ ነውና ዘመድ አዝማዱን ቤት ለቤት እየዞሩ «ተመርመሩ» ቢሉ፣ «ልጆቻችንን ባል ልታሳጣ ነው» ተባለና ደጃቸውን የሚረግጥ ጠፋ። እኔም ፈርቼ ሁለት ዓመት ስልካቸውን አላነሣሁም። በየእሑዱ ይደውሉ ነበር፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል።

በዚህ መካከል በሽታው ራሳቸውን ያዛቸው። ለቀዶ ሕክምና ሲገቡ፣ የአስታማሚ ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ የራሳቸውን ስም መጻፋቸውን አንዲት ነርስ ደውላ ነገረችኝና በዚያው ቀን ሄድኩ። ሲያዩኝ ስለ ሕመማቸው አላነሡም፤ «ደምሽን ሰጠሽ?» ብቻ አሉኝ። ሰጠሁ፤ ያው ዘረ መል ተገኘብኝ፤ ለጥንቃቄ ተብሎ በቀዶ ሕክምና ከወጣልኝ እንቁልጢ ላይም ገና የጀመረ ካንሰር ተገኘ። እኔ ዳንኩ።

ለእርሳቸው፣ በእናቴ ዘመን ያልነበረ፣ ካንሰሩ ራሱን የሚጠግንበትን ቀሪ መንገድ የሚዘጋ ክኒን ታዘዘላቸውና አምስት ዓመት ደኅና ኖሩ፤ በየጠዋቱ ሲውጡት «ይህቺ ለእኅቴ ነበረች» ይሉ ነበር። ኋላ ግን ካንሰሩ ሌላ መንገድ አበጀ፤ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ እጃቸው በእጄ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

ከኋላቸው አንድ ወንድማቸውንና እኔን፣ እንዲሁም ለማንም ሳይናገሩ ወደ እርሳቸው እየመጡ የተመረመሩ ዘጠኝ የቤተሰባችንን ሴቶች ትተዋል። ዘጠኛችሁም እዚህ መካከል ተቀምጣችኋል፤ ስማችሁን እንዳልጠራ ቃል አስገብተውኛልና አልጠራም። አምላክ ነፍሳቸውን በእኅታቸው አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን።